ፊቱን ጭቃ የተቀባው ሰው

የያዙኝ ባትሪ ቻርጅ እያደረግኩ ሳለ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቴ ውስጥ፣ በማግስቱ ለምቀርጸው ሠርግ ሁለት ባትሪ ሰክቼ አረንጓዴው መብራት እስኪበራ እጠብቃለሁ። ሦስት ሰዎች ገቡ። የፊተኛው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ መስሎኝ ወንበሩን አስተካከልኩለት። አልተቀመጠም።

ኮምፒውተሬን፣ ሁለቱን ካሜራዎች፣ ሚሞሪ ካርዶቹንና ድርሰቴን የጻፍኩበትን ደብተር በአንድ ማዳበሪያ ከተቱ።

"ሠርጉስ?" አልኩ። ከሁሉ ነገር በፊት ለምን እሱ እንደታወሰኝ አላውቅም።

"ሌላ ሰው ይቀርጸዋል" አለኝ አንደኛው፣ በትሕትና።

የወሰዱኝ ወደ ወህኒ አልነበረም። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ ማሰሪያ ቦታ ስለጠበበ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የድሮ የእህል መጋዘን እስር ቤት ሆኗል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የማሽላ ብናኝ፣ የነቀዝ መድኃኒትና የሠላሳ ሰው ላብ። ግድግዳው ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ አንዲት የአየር ማስገቢያ አለች። ሰው ትከሻ ላይ የወጣ የአምባሰልን ተራራ ጫፍ ያያል ይባል ነበር። እኔ ወጥቼ አላየሁም።

የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ከደሴ ወልድያ የሚመላለስ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ሳቂታ ሰው ነው።

"አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያወጣሃል" አለና ቦታ አሳየኝ። "በምን ገባህ?"

"በፊልም።"

"አይተህ ነው ሠርተህ?"

"ስሠራ። ገና አልጨረስኩትም።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ቀን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ስለ ፊልሙ ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሠርግ በሌለ ቅዳሜና እሑድ ሁሉ ከጓደኞቼ ጋር የደከምንበት ነው። አንድ ሰው ገድሎ ሬሳውን ደብቋል። ከዚያ አንደበቱ ተዘግቶ ሆስፒታል ተኝቷል። የሟች እናት ልጇን ቀብራ ማልቀስ ትፈልጋለች። አንዲት የአእምሮ ሐኪም ሬሳው የት እንዳለ ለማወቅ ወደ ገዳዩ ጭንቅላት ውስጥ ትገባለች። የጭንቅላቱን ውስጥ የሠራነው ሐይቁ ላይ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቤት የሌለው በር አቆምን፤ መቃኑና መዝጊያው ብቻ። ደንገሉ ላይ የመስታወት ስባሪዎች አሰርን። ከውኃው በታች ቀይ ጨርቅ ዘረጋን። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሐይቁ የሚደማ ይመስላል። ሐኪሟ በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ገዳዩ ፊቱን በነጭ ጭቃ ለቅልቆ፣ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃታል።

ገዳዩን የተጫወተው የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። በሕይወቱ ከዓሣ በቀር የገደለው ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ጠሩኝ። የምርመራው ክፍል የድሮው መዛኝ ቢሮ ነው፤ ትልቁ ሚዛን አሁንም ጥግ ላይ ቆሟል። መርማሪው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ነው። ለቀረጻ እንዲረዳኝ የሣልኳቸውን ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

"ሾት አሥራ አራት" ብሎ አነበበ። "አሥራ አራት ጊዜ ማንን ነው የምትተኩሱት?"

"መተኮስ አይደለም። ካሜራው ተከፍቶ እስኪዘጋ ያለው ሾት ይባላል።"

"ገዳዩ ማንን ነው የሚወክለው?"

"ማንንም አይወክልም።"

"እንዲህ ያለ ገዳይ እኛ አገር የለም። ሕዝብ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ደሙን የሚያፈስ... መንግሥትን ለማለት ነው።"

"እርስዎ ነዎት ያሉት፤ እኔ አላልኩም።"

ቀና ብሎ አየኝና አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ከካሜራዬ ያወጣውን ፎቶ ወደ እኔ ገፋው። ጓደኛዬ ነው፤ ፊቱ በጭቃ ነጥቷል፣ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በዚያ ሰሞን ፊታቸውን የሸፈኑ ታጣቂዎች መንገድ ላይ መኪና አስቁመው ነበር። መርማሪው ከእነሱ አንዱ ይህ ነው ብሎ ቆርጧል።

"ይሄ ማነው?"

"ተዋናይ ነው።"

"ስሙን ነው የጠየቅኩህ።"

"ስሙን አልነግርዎትም።"

አላውቀውም ማለት እችል ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ያመልጣል። እኔ ግን አንድ ውሸት ሌላ ውሸት እንደሚጠይቅ ከሠርግ ቤት ሽማግሌዎች ተምሬያለሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ "አልነግርዎትም" ስል ደስ አለኝ። ለሦስት ቀን የታፈነ ደረቴ ተከፈተ።

ከጎኔ ቆሞ የነበረው ሰው ጫማህን አውልቅ አለኝ። ወደ መጋዘኑ የተመለስኩት ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በሩ አጠገብ ብቻቸውን የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የአምባሰል ደገኛ ናቸው፤ ገበሬ። ሰው ገድለው፣ በዚያው ቀን በእግራቸው ወርደው እጃቸውን የሰጡ ናቸው። ፍርድ ቤት እስኪቀርቡ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ከእኛ ጋር አስገቧቸው። እኛ ፖለቲከኛ የተባልነው ሁላችን ከእሳቸው አንድ ክንድ እንርቅ ነበር። እኔም እርቅ ነበር።

"እግርህን ወዲህ በል" አሉኝ።

ከመጠጥ ውኃቸው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ አፍስሰው ውስጥ እግሬን ጠቀለሉልኝ። እጃቸው ሻካራና ዝግተኛ ነው።

"ስለ ሰው ገዳይ ጽፏል ይሉሃል" አሉ ጠቅልለው ሲጨርሱ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ገድለህ ታውቃለህ?"

"ኧረ አላውቅም።"

"ታዲያ ማን ነገረህ?"

ካቦው ሳይቀር ወሬውን አቋረጠ። በሐሳቤ ነው ብዬ መለስኩ። እስቲ ንገረኝ አሉ። እኔም ነገርኳቸው። በሩን፣ መስታወቶቹን፣ የሚደማውን ሐይቅ፣ ነጩን ፊት። እያወራሁ ሳለሁ ሠላሳው ሰው ዙሪያዬን ተሰበሰበ። አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ስጨርስ ካቦው "ወላሂ፣ አየሁት!" አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያምራል" አሉ። "የእኔ ግን እንዲህ አይደለም።"

ማንም እንዲናገሩ አልጠየቃቸውም። ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ጀመሩ።

"የገደልኩት ያጎቴን ልጅ ነው። በድንበር ነው፤ ሁለት ክንድ በማትሞላ መሬት። ያን ለት ጠዋት ስነሳ የማስበው ስለ ዘር ነበር። ክፉ አላሰብኩም። ሄድኩ፤ ተነጋገርን፤ ሰደበኝ፤ ሰደብኩት። ዱላው እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። ከወደቀ በኋላ ያየሁት ጫማውን ነው። የጎማ ጫማ ነው፤ ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ የተሰፋ። የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን። እሱ ሽቦውን ያዘልኝ፣ እኔ ሰፋሁ።"

በጣታቸው ራሳቸውን ጠቆሙ።

"ራሴ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ቀይ የለ፣ መስታወት የለ። ሐኪሟ ብትገባ የምታገኘው ያን ጫማ ነው።"

እኔ ሁለት ዓመት የደከምኩበት ፊልም በአንድ ሽቦ ሲፈርስ ይሰማኝ ነበር፤ ግን አልከፋኝም።

"ልጻፈው፣ አባባ?"

"ጻፈው። የሱን ስም ግን አታንሳው፤ ልጆች አሉት።" ከዚያ ጋቢውን ከእግሬ ላይ አጠበቁ። "አንተንም ስም እየጠየቁህ ነው አሉ።"

"አዎ።"

"የእኔን ስም እኔው ወርጄ ነገርኳቸው። ያንተም ሰው መናገር ቢፈልግ እግር አለው፤ ይመጣል።"

በማግስቱ መርማሪው ሲያስጠራኝ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

"ቃልህን ጻፍ። ይሄ ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር። ስትጨርስ ቤትህ ትገባለህ። እኔም ያንተን ነገር ዘግቼ እገላገላለሁ።" ሰዓቱን አይቶ ወጣ። በር ላይ ጠባቂ ቆመ።

ወረቀቱን ትንሽ አየሁት። ከዚያ ጻፍኩ። ሐኪሟ በሩን ከፍታ ስትገባ ሐይቁ የለም። የታረሰ ማሳ ነው፤ ተራ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማ ይሰፋሉ። አንዱ ሽቦ ይይዛል። ይሳሳቃሉ። እሷ ከእነዚህ ከሁለቱ ገዳዩ የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታታል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሳልሰርዝ የጻፍኩት ገጽ የለም። አራት ገጽ ሞላሁ። መጨረሻው ላይ የራሴን ስም ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

መርማሪው ተመለሰና ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ተቀመጠ። ጨርሶ እንደገና ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። ውጭ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቃሌ ነው።"

"ስሙ የታለ?"

"ከታች አለ።"

"ይሄ ያንተ ስም ነው።"

"አዎ። ተጠያቂው እኔ ነኝ። ድርሰቱም የእኔ፣ ካሜራውም የእኔ። የምሰጥዎት ስም እሱን ብቻ ነው።"

ወረቀቱን የሚቀደው መስሎኝ ነበር። አልቀደደውም። አራቱን ገጽ አስተካክሎ አጠፈና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከዚያ የትናንቱን ሰውዬ ጠራው። እኔ እስክታዘዝ አልጠበቅኩም፤ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ራሴ ፈታሁ፣ ጎን ለጎን አድርጌ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኳቸው። ሰውዬው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት መርማሪውን አየው። መርማሪው በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።

አራት ወር ከሰነበትኩ በኋላ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ "ውጣ" አሉኝ። ክስ አልነበረም፤ ይቅርታም አልነበረም። ቀበቶዬንና አንደኛውን ካሜራ መለሱልኝ።

ጓደኛዬ መያዜን ሰምቶ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዘመዶቹ ዘንድ ራቅ ብሎ ከርሟል። ስሙ እንደተፈለገ የሰማው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። ስነግረው መረቡን እየጠገነ ነበር። ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

"እንጨርሰዋለን" አለ። "ጭቃውን ግን ከእንግዲህ አልቀባም።"

ጨረስነው፤ ቀድሞ የቀረጽነው ቅጂው አንዱ ጓደኛችን ዘንድ ተቀምጦ ነበር። የጭንቅላቱን ውስጥ አምባሰል ሥር፣ አንድ የታረሰ ማሳ ላይ እንደገና ቀረጽነው። ገዳዩ ፊቱን ታጥቦ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል። ፊልሙ ከመታየቱ በፊት፣ ተፈርዶባቸው ማረሚያ ቤት የገቡትን ሽማግሌ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ከስተዋል። ነገሩን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልጆቹ ያዩታል?"

"አላውቅም፣ አባባ።"

"ባያዩት ይሻላል" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ወይም ይዩት። እኔም አላውቅም።"

ያሳየነው ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ነው። ሰው መቀመጫ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከኋላ ረድፍ፣ ፎቶ ቤቴ መጥተው ከያዙኝ ሦስት ሰዎች ሁለቱ ነበሩ። ትኬት ቆርጠው ነው የገቡት። ሰላም አልኳቸው፤ ሰላም አሉኝ።

ጓደኛዬ ፊልሙ ሲጠናቀር ከጎኔ ተቀምጦ "ስሜን ከፍ አድርገህ ጻፈው፤ ከነአባቴ ከነአያቴ" ብሎ አዝዞኝ ነበር። እንዳለው አደረግኩ። ፊልሙ አልቆ ስሙ ግድግዳውን ሞልቶ ሲወጣ፣ የሰፈሩ ሰው በፉጨትና በእልልታ አዳራሹን አናወጠው። እሱ ተነሥቶ ቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ፣ እነዚያን ሁለት ሰዎች እያየ፣ ፉጨቱ እስኪያበቃ አልተቀመጠም።

አሁን ይህን ስጽፍ ብዙ ሰው ለምን ስም አትጠቅስም ይለኛል። ፈርቼ አይደለም። ስሙን የሚፈልግ ሐይቁ ዳር ይውረድ፤ ጠዋት ጠዋት ታንኳውን ሲገፋ ያገኘዋል። ይጠይቀው። ራሱ ይነግረዋል።