የከበደው ቆርቆሮ

በ2015 ዓ.ም. በበጋ ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። እኔና ልጄ መካነ ሰላም ውስጥ ከውዳቂ ብረት ክምር አጠገብ ተቀምጠን ብረት እንለያለን። ልጄ ከጅዳ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። በጤናዋ መመለሷን ባሰብኩ ቁጥር እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ይህን ያላገኙ ብዙ እናቶች አውቃለሁ።

ሥራው የሐጂ ነው። ሐጂ የምንላቸው መካ ስለሄዱ አይደለም፤ ዘንድሮ እሄዳለሁ እያሉ ሃያ ዓመት ስለቆዩ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አላቸው። ከገጠርም ከከተማም የሚመጣውን ብረት ይገዛሉ፤ እኔ እለየዋለሁ፤ ሲጠራቀም አይሱዙ መጥቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወስደዋል።

መጀመሪያ ሥራውን ስይዝ ብረት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ያስተማረኝ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ነው። ማግኔቱ የሚይዘው ብረትና ቆርቆሮ ነው። ያልያዘውን በእጅና በዓይን እለያለሁ። አሉሚኒየም ሲያነሱት ይቀላል። መዳብ በሞረድ ሲነካ ውስጡ ቀይ ነው፤ ነሐስ ግን ቢጫ ነው፣ እንደ ድሮ የቧንቧ መክፈቻ። እርሳስ በጥፍር ይጫራል፤ መርዝ አለበት ስለሚባል ልጄን አላስነካትም። የሚያሳስቱኝ ከዓረብ ሀገር የሚመጡት የማይዝጉ ድስቶች ነበሩ። ማግኔት አይዛቸውም፤ አሉሚኒየም እንዳልላቸው ደግሞ ይከብዳሉ። እነሱን የለየችልኝ ልጄ ናት።

«ስንት ዓመት አጥቤዋለሁ እማ፤ ተኝቼም አውቀዋለሁ» አለችኝ።

ሳቅን። ከመጣች ወዲህ ጅዳ ስለሠራችበት ቤት ስታነሳ የሳቅነው የመጀመሪያው ነበር።

ያን ቀን የገበያ ቀን ነው። ረፋድ ላይ አንዲት ሴትዮ አህያ እየነዱ ወደ ግቢው ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። የመጡት በከላላ በኩል፣ በእግር ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ ሰፈር ነው። በአህያዋ ላይ ያለቀ ማረሻ፣ ወገልና እጀታ የሌለው ዶማ በሽቦ ታስሮ ተጭኗል። መሀሉ ላይ ዝገት የበላው ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ።

«የባለቤቴ ነው» አሉኝ። «ያለቀ ማረሻ አይጥሉም ነበር። ለሙት ዓመታቸው ጌሾና ብቅል ልገዛበት ነው።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ብዙ ሰው ጠርተዋል?»

«ብጠራስ ማን ሊመጣ!»

ውሃ ሰጠኋቸውና ከክምሩ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ባለቤታቸው ቄስ ነበሩ፤ የደብሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቁም እሳቸው ናቸው። ጦርነቱ ወደ እኛ ይመጣል በተባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሳቸው ቀሩ። ሰዉ ሲመለስ ቤተ ክርስቲያኑ ደህና ነው፤ የቁርባኑ ጽዋ ግን የለም። ቄሱ «በደህና ቦታ ነው፣ ነገሩ ይርጋ» ብለው ነበር። ነገሩ ሳይረጋ አንድ ማለዳ ምላሳቸው ተያዘ፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ከዚያ ወዲያ ደብሩ የሚቀድሰው ከጎረቤት ደብር በተዋሰው ጽዋ ነው።

«ሸጠውታል ይላሉ» አሉኝ ሴትዮዋ። «በፊቴ የሚለው የለም። ግን ውሃ ስወርድ ሴቶቹ ቀድመውኝ ይነሳሉ። ደብሩን አርባ ዓመት ያገለገለ ሰው በሙት ዓመቱ ዳቦውን የሚበላለት ይጣ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ። ሐጂ ብረቱን እንደታሰረ መዝነው ከፈሏቸው፤ እሳቸውም አህያቸውን ከግቢው አስረው ወደ ገበያ ወረዱ።

አይሱዙው ከሰዓት በኋላ ሊነሳ ነበርና ቸኮልን። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጬ ማረሻውን ከማረሻ፣ ዶማውን ከዶማ አኖርኩ። ቆርቆሮ ሲሆን ቦታ እንዳይፈጅ በመዶሻ እንጠፈጥፈዋለን፤ ይህ የልጄ ሥራ ነው። የወተቱን ቆርቆሮ ከድንጋዩ ላይ አስቀምጣ መዶሻውን አነሳች።

«ቆይ እስቲ» አልኳት። ስሰጣት ክብደቱ እጄ ላይ ቀርቶ ነበር። እንደገና አነሳሁት። ባዶ ቆርቆሮ እንዲህ አይከብድም። ክዳኑ ዙሪያውን በቀጭን ሽቦ ተጠፍሯል።

ሐጂ ከሚዛኑ አጠገብ ሆነው አዩን።

«ድንጋይ ነዋ!» አሉ። «ባለፈው አንዱ በድስት ሙሉ ሲሚንቶ አፍስሶ አልሸጠልኝም? ድስቱን ኮምቦልቻ ድረስ ወስጄ ተሰድቤበት መጣሁ። አሁን ደግሞ በጥቁር ልብስ ጀመሩን። ወላሂ፣ አንቺም ውሃ አጠጥተሽ ሸኘሻቸው!»

እኔም አመንኳቸው። ከአንድ ሰዓት በፊት ልቤ ያዘነላቸውን ሴትዮ በልቤ ሌባ አልኳቸው። ለንስሐ አባቴም ይህንኑ ተናግሬዋለሁ።

ድንጋዩን ልድፋ ብዬ ሽቦውን ቆረጥኩ። ክዳኑ በዝገት ተይዞ እንቢ አለ፤ በዶማው ጫፍ ፈለቀቅሁት። ከላይ የጤፍ ጭድ ነው። ጭዱን ገለጥ ሳደርግ ነጭ ጨርቅ ወጣ። የጨርቁ ጫፍ ተከፍቶ የጽዋ ከንፈር አየሁ፤ በከንፈሩ ዙሪያ መስቀል ተቀርጿል።

ልጄ እጇን ሰደደች።

«አትንኪው!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጣ ወደ ኋላ ወደቀች። ያን ጽዋ ከካህንና ከዲያቆን በቀር የሚነካው የለም። የእኔ እጅ ደግሞ በዝገትና በቅባት ጠቁሯል። እጄን ወደ ደረቴ ሰብስቤ ቆምኩ።

«ምን ወጣ?» አሉ ሐጂ።

«ጽዋው ነው። የሴትዮዋ ባለቤት ከደብሩ ወስደው ሸጡት የተባለው።»

ሐጂ «ሱብሐነላህ» አሉና ሾፌሩን ሞተር እንዲያጠፋ አዘዙት። «ዛሬ ጭነት የለም። ማንም ወደዚያ እንዳይጠጋ።»

«እርስዎም ይዩት እንጂ ሐጂ» አለች ልጄ ከወደቀችበት ሳትነሳ።

«እናትሽ ያልነካችውን እኔ ልጠጋ? ይልቅ ተነሽና ሩጪ!»

ልጄ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ወደ ገበያ ሮጠች። እኔ ነጠላዬን አወለቅሁና ቆርቆሮውን አለበስኩት። አጠገቡ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ እንደገናም ደገምኩ። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ሻጭ ሲመጣ «ነገ፣ ነገ» እያሉ ይመልሳሉ።

ሴትዮዋ ቀድመው ደረሱ። ልጄ ያገኘቻቸው ከጌሾ ተራ ነው። ስትቻኮል ነገሩን በደንብ አልነገረቻቸውም፤ «ከቆርቆሮዎ ውስጥ ዕቃ ወጣ፣ ይምጡ» ብቻ ነው ያለቻቸው። የገዙትን ጌሾ እንዳቀፉ ገቡና ሐጂ እግር ላይ ሊወድቁ ሆኑ።

«ድንጋይ አልጨመርኩም ጌታዬ! በማርያም፣ ከባለቤቴ ጎተራ ሥር እንዳገኘሁት ነው ያመጣሁት። ካለበትም ከሂሳቡ ይቀነስ!»

«ተይ እናቴ፣ ተይ» አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸው ተቀየረ። «ድንጋይ ያልኩት እኔ ነኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ግቢ እይው።»

ነጠላውን ገለጥኩላቸው። ሴትዮዋ አጎንብሰው አዩ። ጌሾው ከእጃቸው ወርዶ መሬት ላይ ፈሰሰ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ። የተቆጡትም ባላቸውን ነው።

«አንቱዬ! ይህን ሁሉ ስባል ዝም ብለው ተኙ? ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? አፌን አላምነው ብለው ነው?» ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ልክ ነዎት። ታጣቂዎቹ ቢይዙኝ እናገር ነበር። ዱላ አልችልም።»

ልጄ ጌሾውን ከመሬት እየለቀመች ታለቅሳለች። ሐጂ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆሙ።

የከተማው ቄስ ከአንድ ዲያቆን ጋር ጥላ ይዘው መጡ። መጀመሪያ የጠየቁን «የነካው አለ?» ብለው ነው። የለም አልናቸው። ጽዋውን ከነጨርቁ አውጥተው ግርጌውን አዩ፤ የተቀረጸውን የታቦት ስም ጮክ ብለው አነበቡ። ሴትዮዋ ስሙን ሲሰሙ መሬት ሳሙ። ቄሱ እዚያው ቆመው ለደብሩ አለቃ ስልክ ደወሉ። «አዎ፣ እሱው ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። «ሟቹ ቄስ ከማረሻ መሀል ደብቀውት ነው። ሌሊቱን ከእኛ ዕቃ ቤት ያድራል፤ ነገ ይዘን እንመጣለን። ለሕዝቡ ንገሩ።»

ያ ጽዋ ከምን እንደተሠራ ዛሬም አላውቅም። ብር ይሁን ነሐስ፣ ማግኔት አላስጠጋሁበትም፤ ሞረድም አላነሳሁበትም። በዚያ ግቢ ውስጥ አልፎኝ ከሄደው ሁሉ ሳልለየው የቀረ እሱ ብቻ ነው። መዶሻው ሳይወርድ የልጄን እጅ ስላቆመልኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሴትዮዋ እኛ ቤት አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ሐጂን አስፈቅጄ አብሬያቸው ተነሳሁ። ቄሱና ዲያቆኑ ጽዋውን ይዘው በጥላ ሥር ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔና ሴትዮዋ አህያዋን እየነዳን ከኋላ። ከሰፈሩ ቁልቁለት ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ጠበቀን፤ እልልታው ከሩቅ ይሰማል። ካህናቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ እኛ ወደ ቤታቸው ገባን። ጥቂት ቆይቶ ሦስት የሰፈሩ ሴቶች ሙቀጫና ዘነዘና ተሸክመው ከደጅ ቆሙ። አንዷ መሬት መሬት እያየች «ለሙት ዓመቱ ጌሾ አልተወቀጠም አሉ» አለች። ሴትዮዋ አንድ በአንድ አዩአቸውና ከበሩ ፈቀቅ አሉላቸው። እኔ መቀነቴን አጠበቅሁና አንዱን ዘነዘና ተቀበልኩ።