መሪጌታ ሐዲስ ያዩት የመቋሚያ ዝላይ

መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ጋሽ ደምሌ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ያዋረደኝ ካቻቢቴ ነው። አንድ አስተማሪ ቴሌቪዥንና የካሴት ማጫወቻ ዴክ ይዞ መጣ። የሠርጉ ምስል ቀለም አጥቶ ከታች ወደ ላይ ይንከባለላል። እኔም የሦስት ወር ሥልጠናዬን ተማምኜ የቴሌቪዥኑን ጀርባ መፍታት ያዝሁ።

ጋሽ ደምሌ ብሎኖቹን ፈትቼ እስክጨርስ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ከዴኩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ መቀየሪያ ገፋ አደረጓት። ምስሉ ቀጥ አለ፣ ቀለሙም መጣ።

«ውስጡ ምን አገኘህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«እንግዲያው መልሰህ እሰረው።»

ነገሩ ቀላል ነው። የአንዳንድ አገር ካሜራ በሰከንድ ሃያ አምስት ምስል ይቀርጻል፣ የሌላው ሠላሳ ያህል። አንዱን ፓል፣ ሌላውን ኤን ቲ ኤስ ሲ እንለዋለን። ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ በዚህ ካልተግባቡ ምስሉ ይንከባለላል ወይም ይዘላል። መንከባለሉን ማንም ያየዋል። ተንኮለኛው ዝላዩ ነው።

ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል። ቅዳሜ ገበያ የመጣ ሰው አህያውን ደጃፋችን አስሮ፣ የማያውቀውን ሰው ሠርግ ቆሞ ያይ ነበር። «ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?» እያለ ይጠይቀናል። እኛም አናውቃትም።

ካሴት ቀርቶ ዲቪዲ ሲመጣ ጋሽ ደምሌ ዓይናቸው ደከመ። ሱቁን ለእኔ ትተው ባሕር ዳር ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ። እኔም ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ ራሴን እንደ ሊቅ ማየት ጀመርሁ።

መሪጌታ ሐዲስ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ቤተ ልሔም የዜማ ጉባኤ ቤት ተምረው እስቴ ገጠር ውስጥ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ከሁለት ጎልማሳ ደቀ መዛሙርት ጋር አንድ ዲስክ ይዘው ገቡ። ከውጭ የመጣ እንግዳ የሟች መምህራቸውን ማኅሌት በካሜራው ቀርጾት ኖሯል።

«የኔታ መቋሚያውን ከማውረዳቸው በፊት ጥቂት ነቅነቅ ያደርጉት ነበር» አሉኝ መሪጌታ። «እኔም እንደዚያው አስተማርሁ። እነዚህ ልጆች ደግሞ እዚሁ ከተማ ሌላ ማጫወቻ ላይ ዲስኩን አይተው የለም አሉኝ። ከራስህ ጨመርህ መባሌ ነው።»

አንደኛው ደቀ መዝሙር አንገቱን ደፋ። «እኛ ያየነውን ነው የተናገርን፣ የኔታ» አለ።

ዲስኩን አጫወትሁት። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። መቋሚያው ወጣ፣ ወረደ። ንቅናቄ የሚባል አላየሁም።

«ከበሮው ልክ ነው» አሉ መሪጌታ። «መቋሚያው ግን ይዘላል። የኔታ እንዲህ አልነበሩም።»

«አባቴ፣ ምስሉ ምንም አልሆነ። ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል» አልኋቸው። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

አልተቆጡም። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «እንግዲህ ሃያ ዓመት ሐሰት አስተምሬያለሁ» አሉና ዲስኩን እንድመልስላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ዲስኩን ላወጣ ስጎነበስ ጋሽ ደምሌ የገፏት መቀየሪያ ትዝ አለችኝ። ካሜራው ከየት አገር እንደመጣ እንኳ አልጠየቅሁም። ሪሞቱን አንስቼ የማጫወቻውን ሴቲንግ ከፈትሁ። ፓል ላይ ነበር። ዲስኩ ግን ኤን ቲ ኤስ ሲ ነው። ርካሹ ማጫወቻ ሠላሳውን ወደ ሃያ አምስት ሲቀይር ምስል እየጣለ ኖሯል፤ ልጆቹ ያዩበትም ማጫወቻ እንደዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ቀየርሁት። ቴሌቪዥኑ ለአፍታ ጠቆረና ተመለሰ።

መቋሚያው ወጣ። ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አለ፣ ከዚያ ከከበሮው ጋር እኩል ወረደ።

መሪጌታ ሐዲስ ተነሥተው የራሳቸውን መቋሚያ ያዙ፤ ከመምህራቸው ጋር እኩል ያነሱታል፣ ያወርዱታል። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ጉልበታቸው ላይ ወደቁ። እኔም አለቀስሁ።

«ይፍቱን» አሉ ልጆቹ።

«እግዚአብሔር ይፍታ። ተነሡና እዩ፣ የኔታ ናቸው» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ከምስሉ ሳይነቅሉ።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ «ምስሉ ልክ አይደለም» ሲለኝ መጀመሪያ ሴቲንጉን አያለሁ። ስለ ዓይኑ ምንም አልናገርም።