ከልኩ በላይ ለአንድ ሰዓት

የመርከቧ ሠራተኞች የሞተር ክፍሉን ኃላፊ «ቀስ በል» ይሉታል። ካፒቴኑ ፍጥነት ጨምር ባለው ቁጥር «ቀስ በል እንጂ ጌታው፣ ብረትም ይደክመዋል» ስለሚል የወጣለት ስም ነው።

በዚያ ጉዞ ግን ከሁሉም ይልቅ የቸኮለው እሱ ነበር። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ፣ ባሕር ማዶ ስንት ዘመን ኖራ መጥታ ቤቱ አርፋለች። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወደመጣችበት ትመለሳለች። መርከቧ ደግሞ ነፋስ ከፊት እየገፋት ስትንፏቀቅ ዋለች።

ካፒቴኑ ጭንቀቱን ያውቅ ነበርና ወደ ሞተር ክፍሉ ደወለ።

«ዛሬስ ልቀቃት! ለአንተው ብዬ ነው።»

ሞተሩ ያለ ዕረፍት የሚችለው የፈረስ ጉልበት ጎኑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። በዚያ ላይ አንድ አሥረኛ መጨመር ይፈቀዳል፤ ያውም በግማሽ ቀን አንዴ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። ነዳጁን ጨመረ። ወለሉ ከእግሩ ሥር ተርገፈገፈ። እሱ በሐሳቡ ከወደቡ ወርዶ፣ ዳገቱን ጨርሶ፣ በሩን እያንኳኳ ነበር። ስትከፍትለት ምን ትለው ይሆን? «አንተ ልጅ፣ ሸበትክ እኮ!» ብቻውን ፈገግ አለ።

ሰዓቱ ሞላ። የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ሙቀት ቀዩን መስመር ሊነካ ምንም አልቀረውም። ትንሽ ቢቆይስ? እጁ መቆጣጠሪያውን እንደያዘ ደረቀ። በዚህ ማዕበል ሞተሩ ቢቆም፣ ከላይ ያሉት ሁሉ የሚጠብቃቸው ሰው አላቸው። ከንፈሩን ነክሶ ቀነሰው።

«ምነው?» አለ ካፒቴኑ በስልክ።

«በቃ፣ ከዚህ በላይ አትችልም።»

«አንተስ ትችለዋለህ?»

ስልኩን ሰቅሎ ወደ ሙቀት መለኪያው ዞረ።

በማግሥቱ ቤቱ ሲደርስ በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት።

«ወጣች እኮ፤ አሁን አውሮፕላን ማረፊያ ሳትደርስ አትቀርም! አንተ የምትቀመጥበትን ወንበር አሳዪኝ ብላኝ፣ ከእሱ ሳትነሳ ነው የሰነበተችው።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ደወለላት።

«እታለም!»

«ወንድምዓለም! ምነው ታለከልካለህ?»

«ስሮጥ ነው የመጣሁት።»

«ድሮም ጠዋት ተኝተህ ነበር ማታ የምትሮጠው» ብላ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔማ ፊትህን አንዴ ዳስሼ ብሄድ ምን ነበረበት?»

ከወዲያ የተሳፋሪዎች ጥሪ ተሰማ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ሚስቱ ትከሻውን ይዛ አጠገቡ ቆመች። እሱ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ብዙ ቆየ።