አንድ ባልዲ ለአንድ ሰው

ትናንት ልጄ መኪና አጥባለሁ ብላ ከጋራዡ አንዲት ሰማያዊ ባልዲ ጎትታ አወጣች። ውሃው ሲገባባት ያ ሽታ መጣ፤ የረጠበ ሣር፣ ጭቃና ዓሣ። ባለቤቴን ጠርቼ እንዲያሸት ባልዲዋን አስጠጋሁለት። "ሳሙና ነው የሚሸተኝ" አለ። ምን ያድርግ፣ እሱ እዚያ አልነበረም። እናንተም አልነበራችሁም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ባለችው አውሮራ ከተማ፣ ከቻምበርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል። እናቴ አዲስ አበባ ቀርታለች። የቤታችን ነገር ሁሉ አንድ ጉዳይ ይጠብቅ ነበር፤ አባቴ ዜግነቱን ሲያገኝ እሷን በቶሎ ያመጣታል። እኔ የእናቴን ድምፅ በስልክ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ፊቷን ለማስታወስ ግን ፎቶ ማየት ጀምሬ ነበር። ይህንን ለአባቴ ነግሬው አላውቅም።

የዜግነት ቃለ መጠይቁ ሲቃረብ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እያለ "አሁን ቀይ ይበራል" ብሎ ከሩቁ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከኋላው ያሉት ጥሩምባቸውን ይለቁበታል። መኪና ሲያቆም ወርዶ ምልክቱን ያነባል፣ ጥቂት ሄዶ ተመልሶ ደግሞ ያነበዋል። አንዱ የታክሲ ጓደኛው "ትንሽ የቅጣት ቲኬት እንኳን እንዳትገኝብህ፣ ዜግነቱን ያስከለክልሃል" ብሎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

ከእኛ በታች፣ ምድር ላይ ባለችው ቤት የምጽዋው አባባ ይኖሩ ነበር። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛን በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ስለተማሩት ከአባቴ የተሻለ ይጽፉት ነበር። ግማሽ ዕድሜያቸውን ባሕር ላይ አሳልፈው፣ ባሕር በሌለበት ግዛት የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡ ጡረታ ወጡ። እሳቸውና አባቴ ስለ ፖለቲካ ላለመነጋገር፣ ሳይነጋገሩ ተስማምተው ነበር። ስለዚህ የሚያወሩት ስለ ዓሣ ነው። አባቴ ስለ ዓሣ የሚያውቀው አበላሉን ብቻ ነበር፤ እሱንም ጾም ካልሆነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአውሮራ በስተምሥራቅ ወዳለው ግድብ ይዘውን ይሄዱ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ፣ በመስኮቱ የሚገባው የማለዳ ብርሃን ዓይኔን እየወጋኝ፣ የምጽዋን ወሬ እሰማለሁ። ከወደቡ ርቆ አንድ የኮራል ቋጥኝ ነበር አሉ፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ከጀልባው ሆነህ የዓሣውን ቀለም ትለያለህ። ትልልቆቹ ዓሦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። የሚጥሉበት ወራት ሲደርስ ሁሉም ስለሚሰበሰቡ ዓይኑን ጨፍኖ የዘገነ ሰው እንኳ ጀልባው ይሞላለታል። ለዚህም ሲባል በዚያ ወራት ማንም መንጠቆ አይጥልበትም ነበር። የተጻፈ ነገር የለም፤ ሽማግሌዎቹ "አሁን ይረፍ" ካሉ ይረፍ ነው።

"ወንድሜ ጣለ" አሉ አንድ ቀን። ታናሽ ወንድማቸው በክልክሉ ወራት ጀልባውን ሞልቶ መጣ። እሱን ያዩ ሌሎች ተከተሉት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቋጥኙ ላይ የቀረው ድንጋዩ ብቻ ሆነ። እሳቸው በገበያ መሐል "ሆዳም!" ብለውት ነበርና ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

"ታረቃችሁ ታዲያ አባባ?" አልኳቸው።

"ሳናወራ ሞተ" አሉና መስኮቱን ትንሽ ከፈት አደረጉት።

የኮሎራዶ ሕግ ዓሣ ሲቆጥር ደስታቸው ልዩ ነበር። እኛ በምንሄድበት ቦታ ትራውት የሚባለው ዓሣ ለአንድ ሰው በቀን አራት ብቻ ነበር የሚፈቀደው። "እነዚህ ሰዎች ገብቷቸዋል" ይላሉ። እሳቸው ግን አራቱንም አይወስዱም። ትልቅ ሲይዙ እጃቸውን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይነክሩና፣ መንጠቆውን ቀስ ብለው አውጥተው፣ ዓሣው ራሱ እስኪሄድ ድረስ በመዳፋቸው ውሃው ውስጥ ይይዙታል። አባቴ የተለቀቀውን ዓሣ በዓይኑ ሲሸኝ ምራቁን ይውጣል።

ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ቅዳሜ አባቴ አልሄድም ብሎ ነበር።

"ኢንተርቪው አለብኝ እኮ ጋሼ። ይለፍና እንሄዳለን።"

"የማጥመጃ ላይሰንስ አለህ፣ የምታጠምደው ዓሣ ነው። ምን አድርገህ ነው የምትፈራው? ና ውጣ፣ አየር ይንካህ!"

ወጣን። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ነበሩ፤ ሣሩ ገና ብቅ ማለቱ ነው፣ ተራሮቹ ላይ በረዶው አልለቀቀም። ዓሣው ደግሞ ያን ቀን እንደ ተጠራ መጣ። ያጠረን የማጥመጃ ዘንግ እንጂ ዓሣ አልነበረም።

ባልዲያችን አንድ ነው። ሦስታችንም የያዝነውን እዚያው እንጨምራለን። አብረን ወጥተን "ይሄ የኔ፣ ያ የአንተ" ብለን መለየት ማናችንም አልታሰበንም፤ ቢታሰበን እንኳ ነውር ይሆንብን ነበር።

አንድ የዓሣ ማጥመድ ተቆጣጣሪ መጣብን፤ አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰ ረጅም ሰውዬ። ጠጠሩ በጫማው ስር ሲንኮሻኮሽ ነው ቀና ያልነው። የሁለቱን ፈቃድ አየ፣ አመሰገነ፤ እኔ በዕድሜዬ ፈቃድ አያስፈልገኝም ነበር። ከዚያ ባልዲው ላይ ጎንበስ አለና በጣቱ ቆጠረ። ዘጠኝ።

"የማን ናቸው?" አለ።

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። አንድ ባልዲ፣ ዘጠኝ ዓሣ፣ ለአንድ ሰው አራት። እናቴ በአውሮፕላን ስትመጣ ይታየው የነበረው ሁሉ በዚያ ባልዲ ውስጥ ሲገባ አየሁት። አፉን ሳይከፍት የምጽዋው አባባ ፈጠን ብለው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡ።

"የኔ ናቸው" አሉ በእንግሊዝኛ። "ሁሉም የኔ።"

አባቴ ይህን ሲሰማ ፍርሃቱ የት እንደገባ እንጃ። ሽማግሌ በእሱ ፋንታ ሲጠየቅ ቆሞ ሊያይ ነው? "ኖ፣ ኖ!" አለ። "የእሳቸው አይደለም። እኔ ነኝ የያዝኩት፣ ሁሉንም!"

"እሱ አልያዘም! ማጥመድ እንኳን አይችልም!"

"ጋሼ ተዉ፣ ይተዉ እንጂ!"

"አንተ ተው! እኔ ነኝ ያመጣሁህ!"

ምግብ ቤት ውስጥ ሂሳብ ሲመጣ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ልክ እንደዚያ ነበር። አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፣ አንዱ ሌላውን ወደኋላ ይገፋል። የሚሻሙት ግን ቅጣት ነው። ተቆጣጣሪው ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ ቆየና፣ "ለአንድ ሰው ዘጠኝ ከሆነ ትርፍ ነው" ብሎ የቅጣት ደብተሩን ሊያወጣ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ትልልቆች ሲናገሩ ልጅ አይገባም፤ ያውም ለማስተባበል። ግን ያ እጅ ኪሱ ውስጥ ሲገባ የእናቴ ፎቶ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

"ሁለቱም እየዋሹ ነው!" አልኩት በእንግሊዝኛ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። "እየዋሹ" የሚለውን እንግሊዝኛ አባቴ አሳምሮ ያውቀዋል።

"አራቱ የኔ ናቸው። ሦስቱን የያዘው አባቴ ነው። እሳቸው የወሰዱት ሁለት ብቻ ነው። አንድ ባልዲ ስላለን ነው አንድ ላይ ያደረግነው።"

"ታዲያ ለምንድነው ሁለቱም የኔ ነው የሚሉት?"

ምን ብዬ ላስረዳው? "ሬስቶራንት ውስጥም እንደዚህ ናቸው" አልኩት።

ሰውዬው ሳቀ። እጁ ባዶውን ከኪሱ ወጣ። ወደ አባቴ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ እንዲገባው ቃል በቃል እየለየ፣ ሦስት ሰው ከሆናችሁ ምንም ጥፋት የለም አለው፤ ለሚቀጥለው ግን የየራሳችሁን ለዩ፣ አንድ ባልዲ ለአንድ ሰው።

"ይጻፋል?" አለ አባቴ። "ስሜ የሆነ ቦታ ይጻፋል?"

"ምኑ? የሚጻፍ ነገር የለም።"

ሰውዬው ሲርቅ አባቴ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለ። ሲስቅ ነው ሲያለቅስ አላወቅሁም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በእፎይታ ሲተነፍስ ሰማሁት። እጁ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ራሴን አቅፎ ሳመኝ። ውሸታም ስላልኩት አንድም ቃል አልተናገረኝም።

የተናገሩኝ የምጽዋው አባባ ናቸው። "አንቺ ጓለይ" አሉ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። "ሁለት ብቻ አልሽው? የለቀቅኳቸውንስ ብትነግሪው ምናለበት! ምን ይለኛል አሁን ሰውዬው?" ቤት እስክንገባ ድረስ ይሄንኑ ሲያነሱና ሲጥሉ ነበር፤ እኛም ስንስቅ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ባልዲ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ቀዩ የአባቴ፣ ነጩ የሳቸው፣ ትንሿ ሰማያዊ የኔ። አባቴ ቃለ መጠይቁን አልፎ ነበር። እናቴም በዓመቱ ግድም መጣች፤ ኤርፖርት ላይ ከሰው መሐል ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ፣ ፊቷን ለማወቅም ፎቶ አላስፈለገኝም።

የምጽዋው አባባ ያረፉት እኔ ኮሌጅ እያለሁ ነው። ለቅሶው ላይ ሰዎች ስለ ደግነታቸው ሲያወሩ እኔ የማስበው ያቺን አንዲት ቃል ነበር፤ በገበያ መሐል ለወንድማቸው የወረወሯትን፣ "ሆዳም" ያሉትን። ያን ቀን "ሁሉም የኔ" ሲሉ ያንኑ ስም ለራሳቸው መውሰዳቸው እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። አለቀስኩ፣ በጣም አለቀስኩ።

አባቴ አሁንም ወደ ግድቡ ይወርዳል። ባለፈው በጋ አብሬው ሄጄ ነበር። ሁለት ባልዲ ይዞ፣ ቀዩን በቀኙ፣ ነጩን በግራው አስቀመጠ፤ ሁለቱንም ውሃ ሞላባቸው። አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ መጥታ ፈቃዱን አየች፣ ቀዩ ውስጥ ያሉትን ቆጠረች፣ ከዚያ ወደ ነጩ ጎንበስ ብላ ውሃ ብቻ ስታይ ቀና አለች።

"ይሄኛው የማን ነው?" አለችው።

"የጓደኛዬ ነው" አላት አባቴ። "ዛሬ የያዙትን ሁሉ ለቀውታል።"