የጉናዋ አጭር ድንኳን

ከጓሯችን ያለችውን ክፍል የተከራየ ናሆም የሚባል ወጣት መምህር አለ። ከአርባ ምንጭ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ የደብረ ታቦርን ብርድ እያማረረ ተራራውን የሚወድ ልጅ ነው። ባለፈው ሰሞን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጎመን ስቀነጥስ ስልኩን ይዞ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ ሙሉ፣ እስኪ ይዩልኝ። ከእነዚህ የቱ ይሻላል?»

መነጽሬን ፈልጌ አየሁ። ሁለት ድንኳኖች ናቸው። አንደኛው ብርቱካንማ፣ ከፍ ያለ፣ መስኮት ሁሉ ያለው ነው። ሌላው አመድማ ሆኖ መሬት ላይ የተለጠፈ፣ ኤሊ የመሰለ። ከተማሪዎቹ ጋር ጉና ላይ ሊያድር አስቧል። ስለ ክብደቱና ስለ ጨርቁ ዓይነት ብዙ አስረዳኝ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ጎመኑ እጄ ላይ እንዳለ ዓይኔ ደመና ወደ ለበሰው ጉና ሄደ፤ ልቤም ተከትሎት ሄደ።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የጉናን ዝናብና ምንጮች የሚያጠና አንድ ቡድን ቀጥሮኝ ነበር። ርብም ጉማራም የሚነሡት ከዚያ ተራራ ነው። ታች ሜዳው ላይ ያለው ገበሬ ወንዙን ያውቀዋል እንጂ ወንዙ ልጅ ሳለ የት እንደሚያድር አያውቅም። የእኛ ሥራ እሱን ማወቅ ነበር። አብሮኝ የተቀጠረው ደሳለኝ ይባላል፤ የሐሙሲት ልጅ ነው። ሐሙሲት ሞቃት ናት፤ ሰዉ ጥላ እንጂ ፀሐይ አይፈልግባትም። ብርድ ማለት ለደሳለኝ በጥር ወር ማለዳ ተነሥቶ ፊትን መታጠብ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ተራራው እንድንወጣ ታዘዝን። ደሳለኝ እዚያው ሊያድር፣ እኔ ደግሞ ቀን ቀን አብሬው ልሠራ፣ ማታ ከሥር ካለችው መንደር አንዲት የእናቴ ዘመድ ቤት ላድር ተወሰነ። መጋዘኑ ውስጥ ከሌላ ሥራ የተረፉ ሁለት ድንኳኖች ነበሩ። አለቃችን፣ «በቅሎዋ የምትችለው አንዱን ነው፤ ተስማሙና ምረጡ» ብሎ ቁልፉን ሰጠን።

መስማማት! አንደኛው ሰማያዊ፣ ረዥም፣ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ነበር። ሌላዋ አረንጓዴ፣ ወገብ የማታልፍ፣ በጉልበት ዳዴ ተብሎ የሚገባባት ናት። ግን ከላይ ሌላ ልብስ ይደረብላታል፤ ወለሏም ከግድግዳዋ ጋር አንድ ላይ ተሰፍቷል።

«ቆሜ ሱሪዬን የማልታጠቅበት ቤት ቤት አይደለም» አለ ደሳለኝ።

«ጉና ላይ ሱሪህን የምታወልቅ መሰለህ?» አልኩት።

እናቴ የጉና ሥር ልጅ ናት። በልጅነቴ እዚያ እየወሰደችኝ ስለከረምኩ ነፋሱን አውቀዋለሁ። የጉና ነፋስ የቆመን ነገር አይወድም። እዚያ ላይ ዛፉ እንኳ ያጎነብሳል፤ ቀጥ ብሎ የሚታየው ጅብራ የሚባለው ተክል ብቻ ነው። ግን ይህን ለሐሙሲት ልጅ በቃል ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱንም ተሸክመን ወደ እኛ ግቢ ወሰድናቸውና ጎን ለጎን ተከልናቸው። እናቴ ወንበር ላይ ቆመች፤ እኛ ባልዲ አቀበልናት፤ እሷም እያፈራረቀች ውኃ አወረደችባቸው። እኔ አንዱ ውስጥ፣ ደሳለኝ ሌላው ውስጥ ገብተን ስፌቱን እየዳሰስን፣ «እዚህ ገባ!» «እዚህ አልገባም!» እንባባላለን።

በዚህ መካከል ጎረቤታችን እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከበር ጀምረው እያነቡ ገቡ።

«ልጆቼ፣ ማነው? ማን ተለየን?»

እናቴ ባልዲውን እንደያዘች ደነገጠች። «ኧረ እማማ! ማንም አልሞተም። ልጆቹ ድንኳን እየመረጡ ነው።»

እማማ ዘውዴ እንባቸውን ጠረጉ። «ድንኳን ይመረጣል እንዴ? እኔስ እድር የሚያመጣውን ብቻ ነው የማውቀው» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ለፍርድ የመጡ ይመስል ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

የረዥሙ ስፌት ያንጠባጥብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ እንደ ሰካራም ሁለት ጊዜ ተንገዳገደና አጥሩ ላይ ተደገፈ። አረንጓዴዋ ግን ጆሮዋን ጥላ እንደተኛች ጥንቸል ዝም አለች። ደሳለኝ ራሱን አከከ። «ትሁን እሺ» አለ፤ «ወገቤ ቢጎብጥ ግን የምጠይቀው አንቺን ነው።» የዚያን ዕለት ማታ ሻማ እያቀለጥኩ ስፌቷን በሙሉ በሰም ቀባሁት። ለምን ያን ያህል እንደደከምኩ፣ ሌላ ሰው ለሚያድርባት ድንኳን፣ ራሴን አልጠየቅሁም።

በክምር ድንጋይ ከተማ በኩል አድርገን ወጣን። መንገዱ ሲያልቅ በእግር፣ ዕቃው በበቅሎ። የገብሱ ማሳ አለቀ፣ የድንቹ ማሳ አለቀ፣ ከዚያ የጓሳ ሣር ብቻ። ድንኳኗን አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር፣ ጀርባዋን ለነፋስ፣ አፏን ለፀሐይ መውጫ አድርገን ተከልናት።

ስለዚያ ሰሞን ሳስብ ሁሉም ነገር በአረንጓዴ ብርሃን ይታየኛል። ድንኳኗ ውስጥ ሲገቡ ቀኑ ይለወጣል፤ እጅም፣ ወረቀትም፣ ፊትም ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ደመናው ከእኛ በታች ነው የሚያልፈው፤ አንዳንዴ ከሥር የበግ ድምፅ እየሰማን በጉን ሳናይ እንውላለን። ደሳለኝ ቡታጋዙ ላይ ድንች ይቀቅላል፤ በሚጥሚጣ እየነከርን በትኩሱ እንበላለን፤ ጣታችንን ያቃጥለናል፣ ጀርባችንን ይበርደናል። ብዙ አናወራም ነበር። እዚያ ላይ ሰው ቃል ሲያወጣ ቃሉ ጉም ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ሳያስቡ መናገር ያሳፍራል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከሥር ከበሮ ሰማን። ሰርገኛ ነው። ሙሽራዋን ከወዲያ ማዶ ወስደው በተራራው ትከሻ ሊሻገሩ ነው። መጀመሪያ ድምፃቸው መጣ፤ ከዚያ ከጉሙ ውስጥ የበቅሎዋ ጆሮ፣ ከዚያ ነጭ የተሸፋፈነችው ሙሽራ። እልል ብዬ ልቀበላቸው አፌን ስከፍት ሰማዩ ጠቆረ።

በረዶው መጀመሪያ እንደ ሽምብራ፣ ቀጥሎ እንደ ባቄላ ነበር። ከበሮው ቆመ። አንዱ «ማርያም! ማርያም!» ይላል፤ በቅሎዋ ትዘላለች፤ የሙሽራዋ ልብስ ባንድ አፍታ ረጥቦ ሰውነቷ ላይ ተጣበቀ። የጉናን በረዶ የሚያውቅ ሰው ያኔ የሚያስበው ስለ ሰርጉ አይደለም፤ ስለ ነፍስ ነው። ደሳለኝ ሮጦ ሄደ። ከሚዜዎቹ ጋር ሆኖ ሙሽራዋን ከበቅሎ አወረዳትና ወደ ድንኳኗ አፍ ገፋት። አብረዋት የነበሩት ሴቶችም ተከትለው ገቡ። ለሁለት ሰው የተሠራች ድንኳን ውስጥ ተጠጋግተን፣ ተደራርበን፣ እርጥብ ጥጥና ቅቤ እየሸተተን ተቀመጥን።

ሙሽራዋ በእኔ ዕድሜ ግድም ትሆናለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ስሟን ብጠይቃት መመለስ አቃታት። የላይ ልብሷን አወለቅንላት፤ የእኔን ሹራብ አለበስኳት፤ በደሳለኝ ብርድ ልብስ ጠቅልለን መዳፏን ማሸት ያዝን። ነፋሱ ድንኳኗን ከሥሯ ሊነቅላት ይታገላል። ከውጭ ደሳለኝ፣ «ካስማው ተነቀለ! አውታሩን ያዙ! ድንጋይ አምጡ!» እያለ ሲጮኽ ይሰማናል። ወንዶቹ ራሳቸው ካስማ ሆኑ። ያ ረዥሙ ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ እኛን ትቶ ጋይንት ይደርስ ነበር።

ቀስ በቀስ የሙሽራዋ ጣቶች ለሰለሱ። ትንሽ በሶ በማር በጥብጠን አጠጣናት። ዓይኗን ገልጣ በአረንጓዴው ብርሃን ውስጥ ዙሪያዋን አየች፤ የት እንዳለች ግራ የገባት ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እታለም፣» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ከነዚያ እሱ የቱ ነው?»

«ማን?»

«ሙሽራው። ፊቱን በቅጡ አላየሁትም። ከዛሬ በፊት አይቼው አላውቅም።»

እኔም አላውቀውም። የድንኳኗን አፍ በጣቴ ገለጥ አደረግሁላት። ሁለታችንም አንድ ዓይን አንድ ዓይናችንን ክፍተቷ ላይ አደረግን። ነጭ ነው፣ ሁሉም ነጭ። ቅርባችን አንድ ሰው ተንበርክኮ አውታሩን በሁለት እጁ ጠምጥሞ ይዟል። ኮቱን ለሆነ ሰው ሰጥቶ በሸሚዝ ነው። በረዶው ጀርባውን ይቀጠቅጠዋል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ አይለቅም።

«ያ ይሁንልኝ» አለች ሙሽራዋ።

«እሱ አይደለም!» አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «እሱ የኛ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ብርድ ባደረቀው ከንፈሯ ፈገግ አለች። «ያንቺ ነው በይ እንጂ።»

ፊቴ ነደደ፤ በረዶው ይጮኻል፤ ደሳለኝ ከክንድ በማይርቅ ቦታ ተንበርክኮ ይህን ሁሉ አይሰማም። ወራት አብሬው ሠርቼ፣ ተከራክሬው፣ ድንቹን በልቼ፣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በረዶው እንደመጣ ድንገት ሄደ። ስንወጣ ተራራው ነጭ ሆኖ ያጨሳል፤ ፀሐይ ወጥታበት ዓይን አያስገልጥም። እውነተኛው ሙሽራ ከቋጥኙ ጀርባ ተገኘ። የሙሽራዋን በቅሎ እንዳትጠፋ ይዞ፣ ጋቢውን በቅሎዋ ላይ ጣል አድርጎ፣ ራሱ ግንባሩን በረዶ ፈንክቶት ደም ይወርደዋል። እየመጣ፣ «ደኅና ናት?» ብሎ ጠየቀ። ሙሽራዋ በነጠላዋ ጫፍ ሥር አየችው። ረዥም ጊዜ አየችው።

«እሱም አይከፋም» አለችኝ።

ሹራቤን እንደለበሰች ሄደች። ከበሮውም ቁልቁል ሲወርድ ቀስ እያለ ጉሙ ዋጠው። ከዓመታት በኋላ እዚሁ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ልጅ አዝላ አግኝታኝ ከእኔ ቀድማ አወቀችኝ። ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «ያንቺውስ?» አለችኝ። «ቤት ነው» አልኳት። ድንች የተሞላ ዘንቢሌን ይዤ፣ እሷ ልጇን እንዳዘለች፣ ገበያው መሀል ቆመን እንደ ልጆች ሳቅን።

ናሆም የቱን እንደመረጠ አላውቅም፤ ነፋሱን ነግሬዋለሁ፣ ቀሪው የሱ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ተማሪዎቹን ይዞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ጉና ሲጠቁር በረንዳው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ደሳለኝም ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። የዚያን ቀኑን በረዶ ለሰው ሲያወራ ስለ ካስማውና ስለ አውታሩ ነው፤ ስንት ዘመን ሲያወራው ሰምቻለሁ። ከጨርቁ ወዲህ ምን እንደተባለ ግን አያውቅም። ልነግረው ያሰብኩባቸው ቀናት ነበሩ። ሁልጊዜ ምላሴ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ደብቄው አይደለም፤ ሰው ለራሱ ብቻ የሚያቆየው አንድ ሞቃት ነገር ያስፈልገዋል መሰለኝ፣ በተለይ ብርድ አገር ከኖረ።

«ምን ያስቅሻል?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት፤ «ጋቢህን ደርብ፣ ሊዘንብ ነው።»