አናውቃትም ያልኳት ሴት

ድርቁ በከፋበት ዓመት መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። ከሰባተኛ ክፍል ጎበዝ የተባሉ አምስት ተማሪዎች አዲስ አበባን እንዲያዩ ተፈቀደና ይዣቸው እንድሄድ ታዘዝኩ። ከአምስቱ አንዷ ብቻ ሴት ነበረች፤ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዳይሬክተሩ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «እዚያ ስለ ረሃቡ ትንፍሽ እንዳትሉ» አለኝ። እሺ አልኩ።

እስከ ደሴ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድን። መንገድ ዳር የወደቁትን ሰዎች ልጆቹ በመስኮት ሲያዩ፣ እኔ ስለ አዲስ አበባ ፎቆች አወራላቸው ነበር።

አንድ የመንግሥት ሰው ከተማውን አስጎበኘን። የአንዱ ፎቅ ሊፍት ሲነሳ ልጆቹ ተቃቅፈው ጮኹ፤ ሳቅን። ፒያሳ ኬክ ጋበዘን። ወንዶቹ ወዲያው ጨረሱት፤ ልጅቷ ግን ግማሹን ለታናሽ እህቷ ብላ በወረቀት ጠቀለለች።

ቀጥለን ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም ስንሄድ፣ በሩ ላይ ከተኮለኮሉት ረሃብተኞች መካከል ሕፃን ያቀፈች ሴት ብድግ አለች።

«የመካነ ሰላሙ አስተማሪ! ልጄን ያስተማሩልኝ!»

ከስታ ጠቁራለች፤ ግን አወቅኳት። ልጇ እኔ ክፍል ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ሲቀር ስሙን ከመዝገብ የሰረዝኩት እኔው ነኝ።

አስጎብኚው ወደ እኔ ዞረ። «ያውቋታል እንዴ?»

«አናውቃትም» አልኩ።

ሴትየዋ ተመልሳ ቁጭ አለች። ልጅቷ አጠገቧ ተንበርክካ ጉንጯን ሳመቻትና ኬኩን በእጇ አስያዘቻት። እኔ የልጅቷን ክንድ ይዤ ጎተትኳት።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሼ ሄድኩ። ዘበኛው፣ «በመኪና ጭነው ወሰዷቸው» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደመጡበት ነዋ!»

ወደ አገራችን ስንመለስ ልጅቷ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ጋሼ፣ ለምን አናውቃትም አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስታድጊ ይገባሻል» አልኳት።

ዓመት ሳይሞላ አብዮቱ መጣ። መካነ ሰላም ገበያው ላይ ስብሰባ ሲጠራ ዋናው ተናጋሪ እኔ ሆንኩ። ረሃቡን የደበቁትን እያነሳሁ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ልጅቷ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ሳልጨርስ ተነስታ ሄደች።

ማታውኑ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ «ይግቡ እንጂ» ሲሉኝ እሷ በሩ ላይ እንደቆመች ናት።

«ያን ቀን ፈርቼ ነው» አልኳት።

«ዛሬ ግን ጥሩ ተናገሩ፣ ጋሼ» አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች።

በሳምንቱ ትምህርቷን ትታ ደሴ አክስቷ ዘንድ ሄደች። እንደሷ ያለ ተማሪ ከዚያ በኋላ አላስተማርኩም።