ሳይፈተሽ የተለኮሰ ቦይለር

ጭሱን ያየሁት ገና ከቦዳው፣ ከኪራይ ሞተር ብስክሌቱ፣ ሳልወርድ ነው። ከናኪቩቦ ገበያ በኩል መጥተን ወደ ሐዲዱ ስንታጠፍ ከአሮጌው የባቡር ጋራዥ ጣሪያ በላይ ነጣ ያለ የማገዶ ጭስ ይትጎለጎላል። እዚያ ግቢ ውስጥ እሳት የሚነድበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ለዘመናት ቆሞ የዛገው ግዙፍ የእንፋሎት ባቡር። እሳት እንዳይነካው ብዬ የከለከልኩት ደግሞ እኔ ራሴ ነበርኩ።

አገሬ ሳለሁ በስኳር ፋብሪካ የቦይለር መሐንዲስ ነበርኩ። ተሰድጄ ካምፓላ ከገባሁ በኋላ የብረት በር እየበየድኩ ስኖር፣ አንድ አስጎብኚ ባቡሩን ገዝቶ፣ አስነሥቶ ቱሪስት ሊጭንበት አሰበና ቀጠረኝ። አብረውኝ የሚሠሩት በወጣትነታቸው ያንኑ ባቡር የነዱ አዛውንት ናቸው። እንደ አገሩ ወግ ሙዜ፣ አባባ እንደማለት፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ኢንጂነር» ይሉኛል።

ሥራው ከመጀመሪያው አንጀት የሚያቃጥል ነበር። የነሐሱን ዕቃ ሌባ ነቅሎ ስለጨረሰው ምትኩን አንድ በአንድ አስቀርጸን ገጠምን። የቱቦው ልክ የትም ሱቅ የለም፤ አንድ ነጋዴ «ይሄም ያው ነው» ብሎ የውሃ ቧንቧ ሊያሸክመን ሞከረ። ቦይለሩን አንሥተን ሥሩን እንዳናይ መሬቱ ረግረግ ነው፤ ክሬን አይሸከምም። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ሳስረዳው ሰዓቱን ያያል።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ የእሳት ሳጥኑ ነው። እሳቱ የሚነድበት ይህ የብረት ክፍል ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ሲሆን፣ የውስጡንና የውጭውን ግድግዳ አያይዘው የሚይዙት ብዙ ብሎኖች ናቸው። ተበጥሰው ከሆነ ዓይን አያየውም። እንፋሎቱ ሲበረታ ግን ግድግዳው ይቀደዳል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው አስከሬኑም አይገኝም። ስለዚህ ቦይለሩን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን በፓምፕ ሳንፈትነው ክብሪት አይጫርም አልኩ። ሙዜም «ልክ ብለሃል» ብለውኝ ነበር።

እየሮጥኩ ገባሁ። ሙዜ የድሮ ቱታቸውን ለብሰው፣ አካፋ ይዘው፣ ባቡሩ ላይ የእሳቱ በር ፊት ቆመዋል። የግፊት መለኪያው ቀስት ከዜሮ ተነሥቷል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ባለቤቱ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጠው ነው። እንፋሎቱን አንዴ ካየ ሐሳቡን ይለውጣል።»

«ውረድ።»

«ኢንጂነር፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

የምንግባባበት እንግሊዝኛ አንተና አንቱን አይለይም። እኔ ግን ሁልጊዜ በሆዴ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው። ያን ጠዋት በሆዴም አንተ አልኳቸው። አካፋውን ከእጃቸው መንጭቄ እሳቱን በፍርግርጉ ሥር ወዳለው ጉድጓድ አራገፍኩት። የክንዴ ጸጉር ተለበለበ።

ቦይለሩ በደንብ ከበረደ በኋላ በውሃ ሞላነው። ባለቤቱም መጥቶ ቆመ። እኔ ፓምፑን እገፋለሁ፣ ሙዜ መለኪያውን ያነባሉ። ባቡሩን ለማንቀሳቀስ ከሚያስፈልገው ግፊት ግማሹ ላይ እንኳ ሳንደርስ፣ ከግድግዳው ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ደግሞ ሌላ። የውስጡ ላሜራ ሆዱን ነፋ፤ ውሃው በስፌቱ በኩል ፈነጠቀ።

«ይኸው» አልኳቸው።

ሙዜ ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «አውቅ ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«የብሎኖቹን። በመዶሻ መታ መታ ሳደርጋቸው ድምፃቸው የሞተ ብዙ ነበር። ብነግርህ ሥራውን ታቆመዋለህ ብዬ ተውኩት።»

እስከዚያ ድረስ ናፍቆት ያሳወራቸው ሽማግሌ ናቸው ብዬ ላዝንላቸው እየሞከርኩ ነበር። ለካ ዓይናቸውን ገልጠው ነው የለኮሱት። ከአጥሩ ማዶ ልጆቻቸውን አዝለው ማቶኬ፣ የሚቀቀለውን ሙዝ፣ የሚሸጡ ሴቶች ይቀመጣሉ፤ ያን ጠዋትም እዚያው ነበሩ።

«እነዚያስ ሴቶች?» አልኳቸው።

ባለቤቱን ያ ውሃ አስደነገጠው። ሳይፈነዳ መትረፉን ሲያስበው ይመስለኛል፣ ብሎኖቹ ቢለወጡ እንደሚሠራ ስነግረው ሽያጩን ትቶ ሁሉም እንዲለወጡ ፈቀደ። አሁን እኔ ሳጥኑ ውስጥ ተጣጥፌ አሮጌውን ብሎን እየቦረቦርኩ አወጣለሁ፤ ሙዜ ከውጭ አዲሱን ያስገባሉ። እሳቸው ያጠበቁትን እያንዳንዱን ብሎን ዞሬ እፈትሻለሁ። እያዩኝ ቀጣዩን ያነሣሉ።

ባለፈው እሑድ ከሐይቁ ዳር ከጋባ ትልቅ ዓሣ ገዝተው ቤቴ ድረስ መጡ። በሩን ከፍቼ ሰላም አልኳቸው፤ ይግቡ ግን አላልኩም። ሚስቴ ዓሣውን ተቀብላ አመሰገነችና ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረች።

«ሽማግሌ ናቸው፣ ተዋቸው እንጂ።»

«ይቅር ብያቸው እንደ ድሮው አምኛቸው ሳልፈትሽ ልለፍ?»

ዓሣውን ጠብሳ አቀረበች። ልጆቹ በሉ። እኔ ያደረውን ፖሾ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ አሙቄ በላሁ።